የግራ እጅ መንገድ፣ በሃይዌይ 880

በዘጠናዎቹ ዓመታት ካሊፎርኒያ ውስጥ ከነበርነው ሐበሾች ሁሉ፣ የሂንዱን ሃይማኖት ረቂቅ ምሥጢር እንደኔ አብጠርጥሮ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሌላ የሚያውቅ ቢኖር ኖሮ ስሙን እሰማ ነበር። ስለ ጉሩ፣ ስለ ማንትራ፣ ስለ ታንትራ ጥያቄ ያለው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ብቅ ቢል እኔን ያገኘኛል። ጥያቄ የሌለውም ብቅ ቢል ያገኘኛል፤ እንዲያውም እሱን ነበር ቶሎ የምይዘው።

እርግጥ ስለ ጉዳዩ አንድም መጽሐፍ አላነበብኩም። ሕንድም ሄጄ አላውቅም፤ በላይዋ እንኳ በአውሮፕላን አላለፍኩም። እውቀቴ ሁሉ የመጣው ከኦክላንድ ሳን ሆዜ በሚወስደው 880 ላይ፣ መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ከሚቀመጡ ከአንድ ሰው አፍ ነው። እሳቸው ሰኞ የነገሩኝን ቅዳሜ ቴሌግራፍ ላይ አስተምራለሁ። እሳቸው በሚቀጥለው ሰኞ ሐሳባቸውን ከቀየሩ፣ ተማሪዎቼ ሳምንቱን ሙሉ ተሳስተው ይሰነብታሉ።

ሰውዬው ሕንዳዊ ናቸው። የምንሠራው ሳን ሆዜ፣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። እኔ ሰርኪዩት ቦርድ ላይ እበይዳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የበየድኩትን በማጉያ መነጽር ያያሉ። ሥራቸው የኔን ስህተት መፈለግ ነው ማለት ነው፤ አንድም ቀን ሥራ ፈትተው አያውቁም። ኦክላንድ የምንኖረው በአንድ ሕንጻ ላይ ነው፤ እኔና ሚስቴ ሁለተኛ ፎቅ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው ሦስተኛ። ሁለት ሰው የያዘ መኪና በካርፑል ሌን፣ ብቻውን የሚነዳ ሰው በማይገባበት ፈጣን መስመር፣ ስለሚያልፍ አብረን መሄድ ጀመርን። ዕድሜያቸው ከኔ በአሥር ዓመት ስለሚበልጥ «ጋሼ» አልኳቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ወደዱት። በሁለት ወር ውስጥ ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ቬትናሞችና ሜክሲኮዎች ሁሉ «ጋሼ» ይሏቸው ነበር። ባለቤታቸውን ደግሞ እኔና ሚስቴ «እትዬ» እንላቸዋለን። የተነጋገርነው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ሁላችንም ከነበርነው በላይ ጨዋ እንመስላለን።

ጋሼ ያደጉት በትልቅ ወንዝ ዳር ባለ ከተማ ነው። አባታቸው የሳንስክሪት መምህር ነበሩ። ሥጋ በቤታቸው ደጃፍ አልፎ አያውቅም፤ ፋብሪካ ውስጥ የልደት ኬክ ሲቆረስ እንኳ እንቁላል አለው ብለው ፈገግ ብለው ይመልሱታል። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው እንግዲህ አንድ ጠዋት፣ ሄይዋርድ አጠገብ መኪናው ሁሉ ቆሞ እያለ፣ ታንትራ ውስጥ ስላለው የግራ እጅ መንገድ የነገሩኝ።

«ብዙዎቻችን ወደ እግዚአብሔር የምንሄደው በመተው ነው» አሉኝ። «ሥጋ ትተን፣ መጠጥ ትተን፣ ታጥበን፣ ጾመን። ጥቂቶች ግን በሌላ በኩል ይሄዳሉ። እነሱ መርዙ ራሱ መድኃኒት ነው ይላሉ። የተከለከለውን ነገር በጸሎት፣ በሥርዓት፣ መምህር ባለበት ከወሰድከው፣ ያሰረህ ገመድ ራሱ ይፈታሃል ነው የሚሉት።»

«የተከለከለው ምንድን ነው?»

«አምስት ነው። ወይን ጠጅ፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ የተቆላ እህል፤ አምስተኛው የወንድና የሴት ነገር።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አራቱን እኛ ሠርግ እንላቸዋለን። አምስተኛውን ጫጉላ።»

ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም በቀልዴ እንደተደሰትኩ ሳን ሆዜ ደርሰን ወደ ፋብሪካው የሚወስደውን መውጫ አለፍኩት፤ ሁለታችንም አርፍደን ገባን። እሳቸው ግን ሳቃቸው ሳያልቅ ወደ ክርክራቸው ተመልሰው ነበር። ክርክር ከጀመሩ የትራፊክ መብራትም ሆነ አለቃ አያቆማቸውም።

«ቃል በቃል የሚወስዱት ሞኞች ናቸው» አሉ። «ወይኑ ሰው በጥልቅ ተመስጦ ሲቀመጥ ከአናቱ የሚንጠባጠብ ጣዕም ነው። ዓሦቹ በግራና በቀኝ አፍንጫችን የሚዋኙት ሁለቱ ትንፋሾች ናቸው። ሥጋው ምላስ ነው፤ ሥጋ በላ ማለት ምላሱን ዋጠ፣ ዝም አለ ማለት ነው።»

«በዚህ ዓይነት እኔ ሥጋ ቀምሼ አላውቅማ።»

«አንተማ ዕድሜ ልክህን ጾመኛ ነህ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሌላ ወሬ አልነበረንም። ጋሼ በልጅነታቸው፣ ሬሳ በሚቃጠልበት ወንዝ ዳር፣ አመድ የተቀባ፣ በሰው ራስ ቅል የሚበላ፣ ምግቡንም ከውሻ ጋር የሚካፈል መናኝ አይተዋል። ለሱ ንጹሕና ርኩስ የሚባል ልዩነት የለም። አባታቸው እፊቱ ተደፍተው እጅ ነሱት፤ ቤት ሲደርሱ ግን ሁለት ጊዜ ታጠቡ።

«ሰግዶ መታጠብ፣ ይኸው ነው ያገሬ ሰው» አሉ ጋሼ።

«የኛም ሰው ለደብተራ እንደዚያው ነው» አልኳቸው። «ማኅሌት ሲቆም ድምፁን ያደንቅለታል፤ ክታብ የሚጽፈው በምን ኃይል ነው ብሎ ደግሞ ያማዋል። ሲያማው የሚውለው ግን ክታቡን አንገቱ ላይ አስሮ ነው።»

ጉሩ ላይ ስንደርስ ነበር የማንስማማው። ጋሼ፣ ያለ መምህር ይህን መንገድ መሄድ ያለ መሪ መኪና እንደ መንዳት ነው ይላሉ፤ ችግሩ አሁን ቤት የተከራየና ጺም ያሳደገ ሁሉ መምህር መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ የንስሐ አባት ከጉሩ በምን እንደሚሻል አስረዳቸዋለሁ። «የኛ የንስሐ አባት» እላለሁ፣ «ይመጣል፣ ጠበል ይረጫል፣ ስግደት ያዛል፣ ምሳውን ይበላል፣ ባርኮን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ትልቁ ጸጋው ያ ነው፤ ወደ ቤቱ መሄዱ። የእናንተ ጉሩ ግን ሰውን ወደ ራሱ ቤት ነው የሚወስደው።» ይህን የተናገርኩት ለጨዋታ ነበር። ጋሼን እንደሚያምማቸው አላወቅሁም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ መኪና ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን ካሰሩ በኋላ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሄይዋርድን አለፍን። ፍሪሞንት ደረስን። ሦስት ጊዜ ነካካኋቸው፤ ስለ ላም እንኳ አነሳሁ፤ ዝም። በመጨረሻ ወደ መስኮቱ እያዩ፣

«ባለቤቴ ጉሩ አገኘች» አሉኝ።

ጉሩው ሳን ሆዜ ዳርቻ ላይ ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ቀድሞ ኢንጂነር ነበር የሚባል ሰው ነው። ካገራቸው ሰው ግማሹ ቅዱስ ነው ይለዋል፤ ግማሹ ደግሞ ስሙ ሲነሳ ሻዩን አስቀምጦ ይሄዳል። አምስቱን ነገሮች ምሳሌ ናቸው አይልም። እርግጥ አምስተኛውን ለብዙ ዓመት ለተማሩት ነው የማስተምረው ይላል፤ ሥጋና ወይኑ ግን በርግጥም ሥጋና ወይን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሦስት አዳዲስ ሰዎች ይቀበላል። በዚያ ቀን ከሱ ትሪ ሥጋ የበላ ሰው ደቀ መዝሙር ይሆናል፤ ደቀ መዝሙር የሆነ ደግሞ ቤቱን ትቶ ተራራ ላይ፣ ዛፎች መካከል ወዳለው የጉሩው ማረፊያ ይገባል። ከሦስቱ አንዷ እትዬ ናቸው።

«ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ኖርን» አሉ ጋሼ። «ያቺን ቁራጭ ከዋጠች ትሄዳለች። አውቃታለሁ፤ የጀመረችውን አትተውም።»

የዚያን ቀን ያለፉልኝ ስህተቶች ብዛት! ከነበያጁ የተቃጠለ ቦርድ ቢሆን ጋሼ ማኅተም አድርገው ያሳልፉት ነበር።

በማግስቱ ሕንጻችን ምድር ቤት ወዳለው ሎንድሪ ክፍል ቅርጫት ይዤ ወረድኩ። እትዬና ሚስቴ አንሶላ ይዘው ጫፍና ጫፍ ቆመው ያጥፋሉ። እኔ የመጣሁት ካልሲ ለማጠብ እንደሆነ ሁሉ ቀስ ብዬ ስለ ግራ እጅ መንገድ አነሳሁ፤ ጋሼ ያስተማሩኝን የወይኑንና የዓሣውን ትርጓሜ አወረድኩት። እትዬ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከእንደምን አደርክ በላይ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«እሱ ነው የላከህ?» አሉኝ።

«ኧረ በራሴ ነው። ካልሲ ነበረኝ።»

«እሱ ዓለምን ሁሉ ምሳሌ ያደርጋታል» አሉ እትዬ አንሶላውን ሳይለቁ። «ሥጋው ምላስ ነው፣ ዓሣው ትንፋሽ ነው። እኔ ግን ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ በየወሩ አራት ቀን ከጸሎት ክፍል የተባረርኩት በምሳሌ አይደለም። ማሰሮውን አትንኪ ያሉኝ በምሳሌ አይደለም። ኦክላንድ መጥተን ባለ አንድ መኝታ ቤት አፓርትመንት ስንገባ እንኳ፣ የጸሎት ቦታው ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ፣ በየወሩ አራት ቀን የጸሎቱን መብራት የሚያበራው እሱ ነው። ጉሩው ግን መጽሐፉን ከፍቶ፣ በአንቺ ውስጥ ርኩስ የሚባል ነገር የለም አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው በዕድሜዬ እሱ ብቻ ነው።»

ጋሼ ይህን ክፍል በ880 ላይ አላስተማሩኝም ነበር።

«ልክ ናቸው» አለች ሚስቴ በአማርኛ። ከዚያ እትዬም እንዲሰሙ በእንግሊዝኛ፣ «እኔም በዚያው ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ነው ያደግሁት» አለች። ወደኔ ዞረች። «አንተ ስንት ቀን ደጅ ቆመህ ታውቃለህ?»

«ብዙ ቀን። አርፍጄ ስመጣ።»

«እሱ አይቆጠርም።»

ካልሲዎቼን ሳላጥባቸው ይዣቸው ወጣሁ። ጋሼ ደረጃው ላይ እየጠበቁኝ ነበር። እንዴት ሆነ ሲሉኝ፣ ጥሩ ነው፣ እየለሰለሱ ነው አልኳቸው።

ጋሼ አላመኑኝም፤ ግን ሌላ ሰው አልነበራቸውም። ዓርብ ጠዋት፣ ፈራ ተባ እያሉ፣ «የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ አብረኸኝ ና» አሉ። «አንተ ካፍህ ነገር አይጠፋም። ተነሥተህ ጠይቀው። ሰው ፊት ከተከራከረ ይጋለጣል፤ እሷም ታያለች። እኔ ብጠይቀው ቀንቶ ነው ይላሉ።»

ልቤ በደስታ ደረቴን ልትቀድ ደረሰች። እውነተኛ ጉሩ፣ በእውነተኛ ጉባኤ፣ እኔ ተከራካሪ። ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጀሁ። ሰባት ጥያቄዎች ጽፌ ቴሌግራፍ ላይ ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው፤ በሦስተኛው ጥያቄ ላይ አንዱ ከተቀመጠበት እንደ መነሣት ብሎ ነበር፤ በኋላ ሽንት ቤት ሊሄድ እንደነበር ነገረኝ። ሚስቴም እመጣለሁ አለች። «እትዬ ብቻቸውን አይሄዱም። ደግሞ አንተ ስትዋረድ አጠገብህ ሰው ያስፈልግሃል።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አራታችንም በኔ መኪና ሄድን። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ጋሼ ከፊት ከኔ ጋር፣ ሴቶቹ ከኋላ። እትዬ ነጭ ሳሪ ለብሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው፣ ለሆስፒታል ቀጠሮ እንደሚሄድ ሰው ተቀምጠዋል።

ቤቱ ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፍ ያለው ተራ ቤት ነው። በሩ ላይ የጫማ ክምር። ውስጥ ምንጣፍ ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ተቀምጧል፤ ግማሹ ሕንድ፣ ግማሹ ነጭ አሜሪካዊ። ጉሩው ቀይ ጨርቅ ተጎናጽፎ ከፍ ባለ ትራስ ላይ ነበር። ስለሱ በአንቱታ የማልጽፈው ለድፍረት አይደለም፤ በዕድሜ ከኔ ያንሳል፣ ጺሙን ብትቀንሱለት ደግሞ በጣም ያንሳል። ፈገግታው ግን ያምራል፤ ያን መካድ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ጋሼ በክርናቸው ጎሰሙኝ። ወረቀቴን ይዤ ተነሣሁ። «ጥያቄ አለኝ» አልኩ።

«በደስታ» አለ ጉሩው። «መጀመሪያ ግን፣ ወንድሜ፣ ከየት ነህ?»

«ከኢትዮጵያ።»

«በእናንተ ዘንድ ሥጋ ንጹሕ ነው ወይስ ርኩስ?»

ይህን ጥያቄ አንድ አስተዋይ ሰው በአንድ ቃል መልሶ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል። እኔ ግን ሃያ ሰው፣ ያውም በጸጥታ፣ አፌን ሲያይ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም። «ሥጋ?» አልኩ። «እኛ እንደ እናንተ አብስለን አናበላሸውም። ጥሬውን ነው። የበሬው እግር እንደ ኮት ይሰቀላል፤ እያንዳንዱ ሰው ቢላዋውን ይዞ ይቀርባል። ገና ይንቀጠቀጣል። ቆርጠህ፣ አዋዜ አስነክተህ፣ በትኩሱ። እኔ ለቁርስ አንድ ኪሎ ነው፤ ሠርግ ከሆነ ሦስት። አንዴ ከሉካንዳው ስወጣ በሬው ራሱ በቃህ ያለኝ መስሎኝ ነበር።»

አንዲት ሴት ዓይኗን ጨፈነች። አጠገቤ የተቀመጠው ጺማም አሜሪካዊ፣ አንዲት የበሰለች ቁራጭ ለመዋጥ ሦስት ዓመት የፈጀበት ሰው መሆኑን በኋላ ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ ጉልበቴን ነካና እጁን ወደ ግንባሩ ወሰደ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ አክብሮት ከተጠመቅሁ ወዲህ አላየሁም።

«አያችሁ» አለ ጉሩው። «እናንተ አሥር ዓመት የምትታገሉትን ይህ ሰው ለቁርስ ይጨርሰዋል። በእሱ ውስጥ መጸየፍ የለም። ና፣ ወንድሜ፣ ከጎኔ ተቀመጥ።»

ሄድኩ። እንዴት አልሄድም? ትራስ አመጡልኝ። ሰባቱን ጥያቄዎች የያዘው ወረቀት ከሥሬ ሆነ፤ ተቀመጥኩበት። ጋሼ ከማዶ ሆነው ያዩኛል፤ ያን አስተያየት በማጉያው መነጽር በኩል አውቀዋለሁ። ሚስቴ ከኋላ፣ ከኔ በቀር ቋንቋው የሚገባው እንደሌለ አውቃ፣ በአማርኛ ጮክ ብላ፣ «ለሌላ አምላክ የቀረበ ሥጋ ነው፤ ብትነካው ቤት እንዳትመጣ» አለች። ሰዎቹ ጸሎት መስሏቸው አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ።

ሥርዓቱ ተጀመረ። ዜማው ያምር ነበር፤ እንዲያውም ለትንሽ ጊዜ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ወይኑ በትንሽ ጽዋ ዞረ። ከዚያ በቅጠል ላይ የቀረበ የፍየል ሥጋ፣ በቅመም የተቀቀለ፣ እንደ ስኳር ቁራጭ የደቀቀ፣ በትሪ መጣ። ደንቡ ጉሩው ቀድሞ ይበላል፤ ከዚያ አዲሶቹ ሦስቱ። እትዬ አንደኛ ሆነው ፊት ለፊቱ ተንበርክከዋል፤ የራሳቸው ቁራጭ ጣታቸው ላይ ነው። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ምንጣፉ ላይ ተክለው፣ ሊነሣ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጠው፣ ግን አይነሡም።

ጉሩው ቁራጩን በሁለት ጣቱ አነሣ። ከፍ አደረገው። ወደ አፉ ወሰደው። አኘከ፣ ዋጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሃያው ሰው አብሮ ተነፈሰ።

እኔ የተቀመጥኩት በጎን በኩል ነው፤ እዚያ ያስቀመጠኝ ራሱ ነው። ከጎን ስታየው፣ የሰውየው መንጋጋ ማኘክ የጀመረው እጁ አፉ ጋ ከመድረሱ አንድ ቅጽበት ቀድሞ ነበር። ባዶ አፍ የሚያኝክ ሰው ይቸኩላል፤ ሁልጊዜ ነው የሚቸኩለው። ከዚያ ቀኝ እጁ ጺሙን የሚጠርግ መስሎ ወረደ፣ ግራ እጁ ከቀዩ ጨርቅ ሥር ተቀበለው፣ አበቃ። ንጹሕ ሥራ ነበር። እኔ ብሆን ጺሙን አልነካም ነበር እንጂ።

የእትዬ እጅ ወደ አፋቸው መንገድ ጀመረ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እትዬ፣ ቆይ» አልኩ። «እሱ አልበላም።»

ጉሩው አልተቆጣም። እንደ ልጅ አየኝና፣ «ወንድሜ፣ ሃያ ሰው እያየኝ አንተ ብቻ እንዴት አየህ?» አለኝ።

በሕይወቴ ከተጠየቅሁት ሁሉ ይህ ጥያቄ ከባዱ ነው። ሰባት ጥያቄ ይዤ መጥቼ ያለኝ መልስ አንድ ነው፤ እሱንም ሚስቴ ፊት መናገር አልችልም። ስለዚህ አፌን ዘግቼ፣ ከአበባው ጎን ከነበረው የፍራፍሬ ትሪ አንዲት የወይን ፍሬ አነሣሁ። ከፍ አደረግኋት። ወደ አፌ ወሰድኳት፣ አኘክሁ፣ ጉንጬን ሞላሁ፣ ማንቁርቴን ከፍ ዝቅ አድርጌ ዋጥኩ፣ በጥጋብ ተነፈስኩ። ከዚያ ግራ እጄን ዘረጋሁ። ወይኗ ሙሉዋን መዳፌ ላይ አለች።

ጺማሙ አሜሪካዊ ሳቀ። ሌሎችም ሳቁ። ጉሩው ራሱ ፈገግ አለና፣ «መልካም» አለ። «ከመካከላችሁ አንድ የነቃ ሰው መኖሩን ማየት ፈልጌ ነበር።» ቤቱ ሁሉ በአድናቆት አህ አለ፤ አንዷ በደብተሯ ጻፈችው። በቃ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ረታኝ። በዚያች ደቂቃ እኔም ራሴ ሊፈትነን ነበር ለካ ብዬ ላምነው ምንም አልቀረኝ።

እትዬ ግን አልሳቁም። በጉልበታቸው ወደ ፊት ቀረቡና ጣታቸው ላይ ያለውን ቁራጭ ወደ ጉሩው ከንፈር አስጠጉ።

«እንግዲያው አሁን ይብሉ» አሉት። «ከኔ እጅ።»

ጉሩው ራሱን ወደ ኋላ ሳበ። ትንሽ ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ቢሆን ነው። ሳያስበው ነው ያደረገው፣ ከምጣድ ጠርዝ እጅ እንደሚሸሽ። ወዲያው ተመልሶ ተስተካከለና ሁሉም ነገር ጊዜ እንዳለው፣ የደቀ መዝሙር እጅ ከመምህር እንደሚቀበል እንጂ እንደማይሰጥ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ማስረዳት ጀመረ። እትዬ እጃቸውን እዚያው አየር ላይ እንዳቆሙ እስኪጨርስ ሰሙት። ጨረሰ። ቁራጩን ቅጠሉ ላይ መለሱ፣ ጣታቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ተነሡ፣ በሩ ላይ ካለው ክምር ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ሚስቴ ሄዳ አገዘቻቸው።

ስንመለስ እትዬ ማንንም ሳይጠይቁ ከፊት፣ የጋሼ ቦታ ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ከኋላ ከሚስቴ ጋር ገቡ። ሚልፒታስ ደረስን። ጋሼ ግን ጋሼ ናቸው።

«እኔ የማዝነው» ብለው ጀመሩ፣ «ሰዎች እውነተኛው ታንትራ ይህ እንዳይመስላቸው ነው። በእውነተኛው…»

«ጥያቄዬ አልተመለሰም» አሉ እትዬ ሳይዞሩ። «ሰውየው ዋሽቷል። እኔ የጠየቅሁት ግን ውሸት አይደለም። ከነገ ጀምሮ መብራቱን በፈለግሁት ቀን እኔ ነኝ የማበራው።»

በመስተዋቱ ጋሼን አየኋቸው። ውጭ ያለውን የፋብሪካ አጥር የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር።

«አብሪ» አሉ። ትንሽ እንደሄድን ደግሞ፣ «እንዲያውም መጽሐፉን በትክክል ካየሽው…»

«ሥጋህን ብላ» አሏቸው እትዬ።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው፤ ከዚያ እትዬ፤ እኔማ መሪውን ይዤ እንዴት ሌን እንዳልሳትኩ አላውቅም። ሚስቴ ግን አልሳቀችም። ስታስብ እንደነበረ ያወቅሁት በአማርኛ ስትጠይቀኝ ነው።

«እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። ያን የእጅ ነገር የት ተማርከው?»

«ቴሌቪዥን ላይ።»

«ፋሲካ በዋለ ማግስት ሱሪህን ሳጥብ ኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ ናፕኪን አገኘሁ። ካቻምናም አግኝቻለሁ። ደም ነበረው። አፍንጫህን ነስሮህ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ይነስረኛል እኮ።»

«በየፋሲካው?»

ሕንዶቹ ለማንም ሳያደሉ ያዳምጣሉ፤ ቋንቋው ባይገባቸውም የምን ዓይነት ወሬ እንደሆነ ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሚስቴ ወንድሞች በየዓመቱ፣ «ለሱ ከጎድኑ ቁረጡለት፣ ጥሬ ሥጋ የሚያውቅበት እሱ ነው» እያሉ ምርጡን ፊቴ ያኖራሉ። እሷም ለሰው ስታወራ የምትጀምረው ከዚያ ነው፤ ባሌ ጥሬ ሥጋ ላይ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት። በመስተዋቱ ታየኛለች። ኦክላንድ ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበርና ማምለጫ የለኝም፤ ነገርኳት። ጥሬ ሥጋ ያቅለሸልሸኛል። የሚያኝክ መስዬ በግራ እጄ ወደ ናፕኪኑ ነው የማወርደው። ባገባኋት ጊዜም፣ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ ወዲህም፣ አንዲት ቁራጭ ውጬ አላውቅም።